ቅዳሜ ጠዋት የሚጠፋው ስክሪን

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ኮምፒውተሩ የታናሽ ወንድሜ ነው። እኔ ደግሞ «አንተ ታውቅበታለህ» የተባልኩ ሰው ነኝ። ዕቃውን አንድ በአንድ እየገዛ ዓመት ሙሉ ሲያጠራቅም ቆይቶ ነው የገጣጠመው፤ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ ያገለገለ። ራይዘን 5 3600 ሲፒዩ፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ ባለ 8 ጊጋ ሁለት ራም፣ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ፣ 512 ጊጋ ኤንቪኤምኢ (ፈጣን ዲስክ)፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ፣ ላዩ ላይ 600 ዋት የሚል ፓወር ሰፕላይ። ሞኒተሩ 24 ኢንች፣ 144 ኸርዝ (ምስሉን በሰከንድ 144 ጊዜ የሚቀይር)።

ቦታው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። መርካቶ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ስለሚበላ «ሄጄ ልቀይረው» የሚባል ነገር እዚህ ቀላል አይደለም።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጌሙ ይቆራርጣል። ሁለተኛ፣ ስክሪኑ ድንገት ይጨልምና ከሁለት ሦስት ሰከንድ በኋላ ይመለሳል። አንዳንዴ ጭራሽ አይመለስም። ሰዉ ሁሉ ያለው አንድ ነገር ነው፦ ፎርማት አድርገው። ሁለቴ ፎርማት ተደርጓል። ሁለቱም ችግሮች አሉ።

ዛሬ ምንም አልነካሁም፤ መለካት ብቻ። አፍተርበርነር የሚባል መለኪያ ፕሮግራም ጭኜ የፍሬም ታይም ግራፉን፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም (አንዱ ምስል) ለመምጣት የሚፈጀውን ጊዜ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ አወጣሁ። ጂቲኤ 5 የሚባለው ጌም ላይ አማካዩ 85 ኤፍፒኤስ (በሰከንድ 85 ፍሬም) ነው። ጥሩ ቁጥር ነው። ግራፉ ግን የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። አንዱ ፍሬም በ11 ሚሊሰከንድ ይመጣል፣ ቀጣዩ በ90። በሰከንድ 60 ፍሬም እንዲወጣ እያንዳንዱ በ16.7 ሚሊሰከንድ መድረስ አለበት። አንዱ 90 ከፈጀ ዓይን ያየዋል። አማካዩ ግን ይህን ይሸፍነዋል። ወንድሜ ለሦስት ወር «85 ነው እኮ!» እያለ ከራሱ ጋር ሲሟገት የኖረው ለዚህ ነው።

እሱ ሁሉንም «ላግ» ይለዋል። ኢንተርኔቱን ነቅዬ ብቻውን እንዲጫወት አደረግሁ። ያው ነው። ስለዚህ ኔትወርክ አይደለም።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ጎኑን ከፈትኩ። ካቻቢቴ እንኳ አላስፈለገም፤ ብሎኖቹ በእጅ ይፈታሉ። የመጀመሪያው ጥፋት ወዲያው ታየኝ። ሁለቱ ራሞች ጎን ለጎን፣ አንደኛውና ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ተሰክተዋል። በዚህ ቦርድ ላይ እነዚህ የአንድ ቻናል ቀዳዳዎች ናቸው። ሲፒዩ-ዜድ የሚባለው ፕሮግራምም «ሲንግል» (አንድ ቻናል) ይላል። ሁለት ሰፊ መንገድ እያለ ሁሉም መኪና በአንዱ እየሄደ ነው ማለት ነው።

ነቅዬ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ሰካኋቸው። አንዱ አልገባ ብሎኝ በአውራ ጣት ጫን ሳደርገው «ቀጭ» አለ፤ ወንድሜ ፊቱን አዞረ። ባዮስ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም) ገብቼ ኤክስኤምፒ የሚለውን የራም ፍጥነት ማስተካከያ አበራሁ። ራሙ 3200 ተብሎ የተገዛ ነው፤ ሲሠራ የነበረው ግን በ2400 ነው። ወጪ፦ ዜሮ ብር። አማካዩ ወደ 104 ወጣ፤ የመጋዝ ጥርሱም ቀነሰ።

የቀረው በመኪና በፍጥነት ሲነዳ የሚመጣው መንተፋተፍ ነበር። ታስክ ማናጀር ሳይ ሃርድ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሏል። ጌሙ የተጫነው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፣ ኤንቪኤምኢው ደግሞ ከዊንዶውስ በቀር ባዶ! «ለዊንዶውስ ብቻ ነው የሚሆነው ብለውኝ» አለ። ከ100 ጊጋ በላይ ስለሆነ ማዘዋወሩ የቡናውን ሦስቱንም ዙር ፈጀ። ከዚያ በኋላ መንገዱም ሕንፃውም ሳይንገጫገጭ ይመጣል።

ጨርሻለሁ ብዬ ዕቃዬን ሰበሰብኩ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስክሪኑ ጨለመ።

ኅዳር 8 እስከ 12

ይህን ሳምንት በከንቱ ነው ያጠፋሁት።

ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ ስክሪኑ በጨለመባቸው ደቂቃዎች ሁሉ ቁጥር 4101 አለ፦ የስክሪን ድራይቨሩ (ዊንዶውስ ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም) መልስ መስጠት አቁሞ ተመልሷል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ለግራፊክስ ካርዱ ሥራ ይሰጥና 2 ሰከንድ ይጠብቃል። መልስ ካላገኘ ድራይቨሩን ገድሎ እንደገና ያስነሳዋል። ጨለማው ያ ነው። ሲጨልም ሙዚቃው ሳይቋረጥ የሚቀጥለውም ለዚህ ነው፤ ኮምፒውተሩ አልሞተም።

«ድራይቨር» የሚለውን ቃል አይቼ ድራይቨር ላይ ተንጠለጠልኩ። በዲዲዩ (ድራይቨር ማጥፊያ ፕሮግራም)፣ በሴፍ ሞድ፣ ኢንተርኔት ነቅዬ አሮጌውን ጠራርጌ አዲስ ጫንኩ። ጨለመ። አሮጌ ቨርዥን ጫንኩ። ጨለመ። ሦስተኛ ሞከርኩ። የሞባይል ፓኬጄ አለቀ።

ስህተቴ አሁን ይገባኛል። 4101 የሚለው «ካርዱ አልመለሰም» ብቻ ነው። ለምን እንዳልመለሰ አይናገርም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ አራት ጊዜ ጨለመ። ከሳምንቱ ሁሉ የባሰ።

በዚያ ላይ ስክሪኑ ላይ ጨው የተበተነ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ አየሁ። ኤችዲኤምአይ ኬብሉን አንገቱ ጋ ትንሽ ሳጎብጠው ነጠብጣቡ ይበረክታል፣ ሳቃናው ይጠፋል። በቃ፣ ሌባው ተያዘ አልኩ። መርካቶ ወርጄ የዲስፕሌይፖርት ኬብል በ1,400 ብር ገዛሁ። ዲስፕሌይፖርት የመረጥኩት በዚህ ሞኒተር ላይ ያለው ኤችዲኤምአይ 1.4 ስለሆነ ነው፤ እሱ በዚህ ሞኒተር በ1080ፒ ከ120 ኸርዝ አያልፍም። ለነገሩ ወንድሜ 120ንም አይቶ አያውቅም። ዊንዶውስ 60 ላይ ትቶለት ነበር፤ እሱም አልቀየረውም። ባለ 144 ሞኒተር ገዝቶ ስምንት ወር በ60 ተጫውቶበታል። አልሳቅሁበትም። ትንሽ ስቄያለሁ።

ነጠብጣቡ ጠፋ። 144 መጣ። ማታ ላይ ግን ጨለመ። ለካ ኬብሉ ሌባ ነበር፤ የሰረቀው ግን ሌላ ነገር ነው።

ኅዳር 16 እና 17

ተስፋ ስቆርጥ ባዮስ ላይ ሄድኩ። ኤፍቲፒኤም (የኮምፒውተሩ የደኅንነት ቁልፍ መያዣ) ሲበራ አንዳንድ ራይዘን ኮምፒውተሮች አልፎ አልፎ ለአፍታ ቀጥ ብለው እንደሚቆሙ የሲፒዩው አምራች ኤኤምዲ ራሱ እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ገልጿል፤ መፍትሔውም አጌሳ (ባዮስ ውስጥ ያለ የኤኤምዲ ኮድ) 1.2.0.7 ወይም ከዚያ በላይ የያዘ ባዮስ ነው። የእኛ ባዮስ የ2019 ነው። ይሄ ነው አልኩ።

ባዮስ እየተጫነ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ጡብ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በእኛ ሰፈር ይህ ቀልድ አይደለም። ከጓደኛዬ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ተውሼ፣ ፍላሹን ፋት32 አድርጌ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ጀመርኩ። መስመሩ እስኪሞላ እጄን አንድ ቦታ ማሳረፍ አቃተኝ። በሰላም አለቀ።

በማግስቱ ወንድሜ ደወለ። «ጭራሽ ባሰበት፣ መቆራረጡም ተመለሰ!» ሁለት ነገር ረስቻለሁ። አንደኛ፣ ባዮስ ሲታደስ ኤክስኤምፒ ይጠፋል፤ ራሙ ወደ 2400 ተመልሷል። ሁለተኛው ያሳፍራል። ኤፍቲፒኤሙ ከመጀመሪያውም አልበራም ነበር። ከመጀመሬ በፊት ዊንዶውስ ላይ «ቲፒኤም ዶት ኤምኤስሲ» ብዬ ብጽፍ በአምስት ሰከንድ ባወቅሁት ነበር።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ሙቀት። ሲፒዩው በጌም መሐል 93 ዲግሪ ይደርሳል፤ የዚህ ሲፒዩ ጣሪያ 95 ነው። የሰፈራችን ግንባታ አላለቀምና ኩለሩ (የሲፒዩው ማቀዝቀዣ) ውስጥ የነበረው አቧራ ግማሹ ሲሚንቶ ነው ብል አልዋሸሁም። በቀለም ብሩሽና በብላወር አጸዳሁ። ቴርማል ፔስቱ (በሲፒዩውና በኩለሩ መሐል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቆ እንደ ግድግዳ ቀለም ይቀረፋል። አዲስ ቀባሁ፣ 600 ብር። ወደ 76 ወረደ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ በእኩል ፍጥነት ዞሮ የሚገፋው አየር ያንሳል። ኢንተርኔት ላይ «ይህ ኩለር 68 ዲግሪ ይይዛል» ሲባል እዚህ ትንሽ መጨመር ነው።

መጽዳቱ ጥሩ ነው። ጨለማውን ግን አልነካውም። ዛሬ ጠዋትም ሦስት ጊዜ።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

መፍትሔው በሁለት ሰው አፍ መጣ፤ ሁለቱም ቴክኒሻን አይደሉም።

ወንድሜ «ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ስጫወት አንድ ቀን እንኳ ጠፍቶ አያውቅም» አለ። «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?» «አልጠየቅከኝም።» እውነቱን ነው። ስለ ሰዓት አልጠየቅኩትም። ስለ ድራይቨር ቨርዥን ነበር የምጠይቀው።

ከዚያ ደረጃ ላይ ከታች ያሉትን እማማ አገኘኋቸው። «ልጄ፣ እናንተስ ጋ መብራቱ እንዴት ነው? ምጣዱ አልሞቅ ብሎኝ እንጀራው ዓይን አላወጣም እኮ፤ ሊጡ ነው እያልኩ ሊጡን ስረግም።» ቆም አልኩ። እሳቸው ሊጡን፣ እኔ ድራይቨሩን። ቅዳሜ ጠዋትና ማታ ማታ ብሎኩ ሁሉ ይጋግራል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ ወደ 16 አምፔር። አሥር ምጣድ አንድ ላይ ሲጣድ በዚያ መስመር ላይ ያለው ቮልት ምን ይሆናል?

በ1,300 ብር ቴስተር ገዛሁ። መጀመሪያ ቀን መግዛት ያለብኝ ዕቃ ነበር።

ኅዳር 24 እስከ 27

በየሰዓቱ እየለካን ወንድሜ ደብተር ላይ ጻፈ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ 221 ቮልት። ቀን 8 ሰዓት፣ 214። ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ 183። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል፣ 172። በዚያች ሰዓት ጎን ላይ አንድ ቃል ጽፏል፦ «ጨለመ»።

ምጣድ ውስጥ ያለው ሽቦ ኃይሉ የሚወርደው በቮልቱ ልክ ሳይሆን በካሬው ነው። 172ን ለ220 አካፍሎ ካሬ ማድረግ፦ 0.61። የእማማ ምጣድ 3,500 መሆኑ ቀርቶ 2,100 ገደማ ሆኗል። ሊጡ ነጻ ነው።

ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩን አወጣሁና ለመጀመሪያ ጊዜ ጎኑ ላይ ያለውን ወረቀት በደንብ አነበብኩ። በትልቁ 600 ዋት። በትንሹ፣ የ12 ቮልቱ መስመር 18 አምፔር። 12 ሲባዛ በ18፣ 216 ዋት። ግራፊክስ ካርዱም ሲፒዩውም የሚበሉት ከ12 ነው። ካርዱ 125 ዋት፣ ሲፒዩው ሲጨነቅ 88። ድምሩ 213፤ ገና ፋንና ሃርድ ዲስክ አልተቆጠረም። ያ 600 ከየት እንደመጣ እግዚአብሔር ይወቅ። ከሥሩ ደግሞ «መግቢያ 200–240 ቮልት» ይላል። እኛ 172 ነው የምናጎርሰው።

እንዲህ ዓይነቱ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ አክቲቭ ፒኤፍሲ (የመግቢያው ቮልት ቢወርድም የውስጡን ቮልት ከፍ አድርጎ የሚይዝ ክፍል) የለውም። ከግድግዳ የመጣውን ኤሲ እንዳለ ወደ ዲሲ ለውጦ ትልልቅ ካፓሲተር ውስጥ ያከማቻል። 220 ሲገባ 311 ገደማ ይቀመጣል፤ 172 ሲገባ 243። የተከማቸው ጉልበትም በካሬ ስለሚሰላ ያው 61 ፐርሰንት ነው። እንደ ምጣዱ። በነገራችን ላይ ይህን ሣጥን መክፈት አይገባም፤ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ሰው የሚጥል ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ሳይከፈት ግን ይለካል። ትርፍ የሆነው ባለ አራት ቀዳዳ ትልቁ ሶኬት ላይ የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ከቢጫው ሽቦ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ። ያለ ሥራ 12.08። ቀን ላይ ጌም ተከፍቶ 11.62። ቅዳሜ ጠዋት ጌም ተከፍቶ፣ እኔ ቁጥሩን ወንድሜ ስክሪኑን እያየን፣ 11.4፣ 11.3፣ 11.21። «ጨለመ!» አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ የቆየ ፓወር ሰፕላይ የኤቲኤክስ ደረጃ (የፓወር ሰፕላይ መስፈርት) የሚፈቅደው ከ12 አምስት ፐርሰንት ከፍና ዝቅ ነው፤ ከ11.4 በታች ውጭ ነው።

ሦስት ሳምንት ሳሳድደው የነበረው ነገር በአንድ ቢጫ ሽቦ ላይ ተገኘ።

ዲቫይደሩም የራሱ ድርሻ ነበረው። ግድግዳው ላይና ዲቫይደሩ ላይ ስለካ ልዩነቱ 6 ቮልት ነው። ሳገላብጠው አንዱ ቀዳዳ ዙሪያው ቡናማ ሆኗል፤ ሲያሸቱት የተቃጠለ ፕላስቲክ። 6 ቮልት በ1.5 አምፔር 9 ዋት ነው፤ ያ ሁሉ እዚያች የላላች ግንኙነት ላይ ሙቀት ሲሆን ነበር። ጣልኩት። ወፍራም ሽቦ ያለው አዲስ፣ 950 ብር።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

ሌላ ስህተት፣ ውዱ። ችግሩ ቮልት ከሆነ ስታብላይዘር ይፈታዋል ብዬ 1,000 ቪኤ ስታብላይዘር በ5,800 ብር ገዛሁ። የሪሌ ነው። ቮልቱ ሲወርድ ውስጡ ያለው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) «ጠቅ» ብሎ ወደ ሌላ መውጫ ይቀይራል። ያን ጊዜ ለጥቂት ሚሊሰከንድ መስመሩ ይቋረጣል። ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ከካፓሲተሩ በልቶ ያልፈዋል። የእኛው ደካማ ግን ከቋቱ ላይ የሚበላው የለውም።

ውጤት፦ ድሮ ስክሪኑ ብቻ ነበር የሚጨልመው። አሁን «ጠቅ» ባለ ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱ ይጠፋና ይነሳል። ወንድሜ አንድ ቃል አልተናገረም። ስታብላይዘሩን ብቻ ነው ያየው።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ከመጀመሪያው መደረግ የነበረበት። 550 ዋት፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ (የኃይል ቁጠባ ደረጃ) ያለው፣ አክቲቭ ፒኤፍሲ፣ መግቢያ 100–240 ቮልት፣ በ12 መስመሩ 45 አምፔር፣ ማለትም 540 ዋት። 11,500 ብር። ሻጩ «ይሄ 550 ነው፣ በዚሁ ዋጋ 700 አለኝ» አለኝ። ባለ 700ውን አንስቼ ወረቀቱን አነበብኩ፤ 12 ቮልት፣ 20 አምፔር። መልሼ አስቀመጥኩት። በእጅ ሲመዝኑትም ይታወቃል፤ አንዱ ጡብ፣ አንዱ ባዶ ካርቶን።

ገጠምኩ። ያለ ስታብላይዘር። ጠዋት 4 ሰዓት፣ ግድግዳው ላይ 174 ቮልት፣ ጌም ተከፍቶ ቢጫው ሽቦ 12.05። ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም። ይህ ዓይነቱ ቮልት ሲወርድ አምፔር ጨምሮ ስለሚስብ ዲቫይደሩን በእጄ እየዳሰስኩ ጠበቅሁ። ቀዝቃዛ ነው።

ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ፣ የገና ዋዜማ

ከዚህ የተሻለ ፈተና በዓመት ሁለት ሦስቴ ነው የሚገኘው። ከጠዋት ጀምሮ ደረጃው ሁሉ የሽንኩርት ቁሌት ይሸታል፤ ከየቤቱ ምጣድም ምድጃም ተጥዷል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 161 ቮልት ለካሁ፤ የኮሪደሩ አምፖል ቢጫ ሆኖ የሻማ ያህል ነው። ቢጫው ሽቦ 11.98። ወንድሜ ከጓደኛው ጋር ኳስ እየተጫወተ 4 ለ 1 ተሸነፈ፤ በዚህ ኮምፒውተሩን ማመካኘት አልቻለም።

አንድ ነገር ይቀራል። ድራይቨር በታደሰ ቁጥር ጌሙ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ትንሽ ይንገጫገጫል። ሼደር የሚባሉት ምስሉን የሚስሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች እንደገና ስለሚዘጋጁ ነው፤ ራሱ ያልፋል፣ አልነካውም።

ወጪውን ደመርኩ፤ ከትራንስፖርት ውጭ 21,550። ከዚያ ውስጥ 5,800ው የስታብላይዘሩ ነው። እሱን ከታች ላሉት እማማ ፍሪጅ ሰጠሁት። ፍሪጅ ለጥቂት ሚሊሰከንድ አይከፋውም። አሁን ማታ ማታ «ጠቅ» የሚለው ድምፅ ከሦስተኛ ፎቅ ይሰማል፣ ወንድሜም በሰማ ቁጥር አሁንም ወደ ስክሪኑ ዞር ይላል።